መሪ የሌለው ሣር ማጨጃ

በእኛ አገር ሣር የሚያጭድ ሰው ይከፍላል እንጂ አይከፈለውም። እዚህ ላይ ካልተግባባን ወደ ሌላው ወሬ መሄድ አንችልም። ጎጃም ውስጥ ግቢው ሣር ያበቀለ ሰው ባለጸጋ ነው። ክረምቱ ወጣ ሲል ማጭድ የያዘ ጎረቤት በሩን አንኳኩቶ «ለላሜ ሽጥልኝ» ብሎ ይለምነዋል። ታዲያ እኔ ብርቄ ደብረ ማርቆስ ላይ የሰው በር እያንኳኳሁ «ሣርዎን ልጨድልዎትና ይክፈሉኝ» ማለት ስጀምር ሰው ምን ያለኝ ይመስላችኋል? አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በሩን ገርበብ አድርገው ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አዩኝና «እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አሉኝ። ሰላምታ እንዳይመስላችሁ። ምርመራ ነው።

አልፈርድባቸውም። ነገሩ የመጣው ከፈረንጅ ሣር ጋር ነው። ቪላ የሠራ ሁሉ፣ ቢሮ ያሳደሰ ሁሉ፣ ግቢው ውስጥ የፈረንጅ ሣር ይተክላል። ላም እንዳትበላው ይታጠራል። ልጅ እንዳይረግጠው ማስታወቂያ ይለጠፍበታል። ውሻ እንኳ ቢተኛበት ድንጋይ ይወረወርበታል። እንግዲህ ላም ካልበላው፣ ልጅ ካልቦረቀበት፣ ውሻ ካልተኛበት ምን ሊሠራ በቀለ? ለዓይን ነው አሉን። እሺ፣ ዓይን ይብላው! ግን ዓይን ሲበላው ሣር አያጥርም። አድጎ ጉልበት ላይ ሲደርስ ደግሞ ዓይን አይወደውም። እኛ አምስት ሴቶች እንጀራችንን ያየነው እዚህ መሃል ላይ ነው። «ልምላሜ የግቢ ውበት ማኅበር» ብለን ተመዘገብን። ሰብሳቢዋ እኔ ሆንኩ። ለምን አንቺ ብትሉ፣ «አፍ ያላት እሷ ናት» ተብሎ ነው።

የመጀመሪያዋ ማሽናችን በእጅ የምትገፋ፣ በገመድ የምትነሳ ነበረች። ገመድ ስቦ ማሽን ማስነሳት የራሱ ሃይማኖት አለው። ከአባሎቻችን አንዷ ጥሩዬ ትባላለች። ዓይናፋር ናት። አማትባ፣ በሆዷ ዳዊት ደግማ ትስባለች። ሌላዋ አንጓች ናት። ባለ ላም፣ ክንዷ የአንጥረኛ፣ ምላሷ የእኔ ቢጤ። እሷ ደግሞ ማሽኗን ከነሰባት ትውልዷ ሰድባ ትስባለች። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ማሽኗ የምትነሳው በአንጓች ነበር።

ችግራችን በጋ ነው። ኅዳር ሲታጠን የከተማው ግቢ ሁሉ ቡላ ይሆናል። የደረቀ ሣር ማን ያስላጫል? እስከ ግንቦት ድረስ አምስታችንም እጃችንን አጣጥፈን ሰማይ እናያለን። ባለፈው ዓመት ሁለቱ አባሎች ቁርጡን ነገሩኝ። ሌላ በጋ እንዲህ ካለፈ ወደ ጠላ ንግዳችን እንመለሳለን አሉ። ማኅበር ደግሞ እንደ ሹራብ ነው። አንዲት ክር ትመዘዝና ሌላው ራሱን በራሱ ይተረትራል። ከነበሩበት ሥራ ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። «ሣር ወርቅ ነው» ብዬ የሰበክሁት እኔ ነኝ። እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

እንዲህ እያለን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በደጀን መንገድ፣ አንድ ሆቴል ተከፈተ። የራሱ የውሃ ጉድጓድ ስላለው በበጋም በክረምትም አረንጓዴ ነው። ሠርግ የሚደገስበት ሜዳው ብቻውን አንድ ቀበሌ ያሰፍራል። ሜዳው መሃል እዚህም እዚያም የጽድ ዛፍ አለ። አርባ ሁለት ናቸው። ቆጥሬያቸዋለሁ። ሰው ሲጨንቀው የማይቆጥረው ነገር የለም።

ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። ለእናንተ ሳወራ ግን «እሱ» ብለው ማን ይነግርብኛል? ይኸው ልጅ ፍላጎቱን ዘረዘረልኝ። ሜዳው ጠዋት ተጀምሮ ረፋድ ላይ ማለቅ አለበት፤ እንግዳ ሲመጣ የማሽን ጩኸት መስማት የለበትም። ሣሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት። «እንደ ምንጣፍ» አለኝ። በእኛ ማሽን ያ ሜዳ አራት ቀን ይፈጃል። አራተኛው ቀን ላይ ስንደርስ የመጀመሪያው ቀን ሣር በቅሎ ይጠብቀናል። ሰውየው ይህን ሲሰማ፣ ደህና ማሽን ይዛችሁ የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ኑና አሳዩኝ አለ። ከወደደው ዓመቱን ሙሉ ሥራው የእኛ ነው። ካልወደደው ግን ከባሕር ዳር የሚመጡ ሰዎች አሉ።

ከባሕር ዳር! የማርቆስን ሣር የባሕር ዳር ሰው ሊያጭደው! አንጓች ይህን ስነግራት የባሕር ዳርን ሰው ከነሰባት ትውልዱ ሰደበች።

ማሽን እንፈልጋለን ማለታችን ሲሰማ ከተማው ሁሉ አዋቂ ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ጎረቤቴ «ዋናው ምላጩ ነው» አለኝ። ብየዳ ቤት ያለው ደግሞ ብረቱን አንኳኩተሽ ስሚ፣ ቆርቆሮ ከሆነ ቆርቆሮ ይልሻል አለኝ። የሰፈራችን ደላላ ስለ ማሽኑ ምንም አላለም፤ ሊያሻሽጠን ፈለገ እንጂ። እኔ በበኩሌ ስለ ሣር ማሽን የሚያወራ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተውሼ ማንበብ ጀመርኩ። እኔ እንደሆንኩ የተጻፈ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው። ስለዚህ ብዙ ታሪክ አውቃለሁ፤ የአንዱንም መጨረሻ አላውቅም። የማሽኑን መጽሐፍ ከመዝገበ ቃላት ጋር ይዤ ሦስት ቀን ተፋጠጥኩ። የገባኝ ነገር ቢኖር ሰፊ ማሽን ቶሎ ይጨርሳል፣ ጠባብ ማሽን በሁሉም በር ይገባል የሚል ነው። ለዚህ መጽሐፍ ያስፈልግ ነበር?

የበሩ ነገር ግን እውነት ነው። ሆቴሉን ብለን ሌሎቹን ደንበኞች ልንጥል ነው? ሜትር አልነበረኝም። መቀነቴን ፈትቼ የደንበኞቻችንን በር እየዞርኩ መለካት ያዝኩ። በየበሩ ልክ አንድ አንድ ቋጠሮ። አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ተንበርክኬ ስለካ ጥበቃው መጣ። ምን እያደረግሽ ነው አለኝ። በሩን እየለካሁ ነው አልኩት። ለምን አለኝ። «የማስገባው ነገር ስላለኝ» አልኩት። አሁን ሳስበው የሚያሳስር መልስ ነው። ያን ጊዜ ግን የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ሰውየው ዓይኑን ከመቀነቴ ላይ ሳያነሳ ስልኩን ሲያወጣ፣ ወገቤን በእጄ ይዤ ተነሳሁ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ያሉት ወደው መሰላችሁ?

ብቻ ባለ ሰባት ቋጠሮ መቀነት ይዤ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ወዳለው የእርሻ ዕቃ መደብር ሄድን። አንድ ሰው ለኳስ ሜዳ ብሎ ሁለት ማሽን አስመጥቶ ሐሳቡን ቀይሯል። ሁለቱም ሰው ተቀምጦባቸው የሚነዱ ናቸው። ሁለቱም ከጠባቧ ቋጠሮዬ ያነሱ ናቸው። አንደኛው እንደ ትንሽ ትራክተር ነው፤ መሪ አለው፣ ቀይ ነው፣ ደስ ይላል። ሁለተኛው ግን ጉድ ነው። ወንበር አለው፣ ጎማ አለው፣ ከወንበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም እጀታዎች ቆመዋል። መሪ የለውም።

«መሪው ወልቆ ነው?» አለች ጥሩዬ።

ሻጩ ሳቂታ ልጅ ነው። አልወለቀም፣ ሲሠራም መሪ የለውም፣ ይህ ዜሮ ተርን ይባላል አለን። ጥሩዬ ፊቷ ጠቆረ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ብርቄ፣ ዜሮ ተራ ነው አለ እኮ» አለችኝ። አንደኛ ተራ እናውቃለን። ሁለተኛ ተራ እናውቃለን። ሦስተኛ ተራ የምንለብሰው ነው። ዜሮ ተራ ደግሞ ምን ዓይነት ዕቃ ይሆን? ልጁ ሳቁን ውጦ አስረዳን። ዜሮ ማለት የሚዞርበት ቦታ ዜሮ ነው፣ በቆመበት ይዞራል ማለት ነው አለ። አንጓች «በቆመበት የሚዞርማ ባሌም አለ» አለች። ልጁ የዋጠው ሳቅ አመለጠው።

እንግዲህ መምረጥ ነው። ባለመሪው ወይስ መሪ የለሹ? እኔ ምን አውቃለሁ? ያኔ ነው የእናቴ ወንድም ትዝ ያሉኝ።

አያ ካሴ ይባላሉ። ይጁቤ አጠገብ ገበሬ ናቸው። በዚያ አገር በሬ የሚገዛ ሰው ያለ እሳቸው ገበያ አይወጣም። በሬውን አይተው «ይህ ይተኛል» ካሉ ይተኛል። «ይህ ይወጋል» ካሉ ሻጩ ራሱ ሸሸት ይላል። ልክ ነው፣ የሣር ማሽን በሬ አይደለም። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ። እኔ የቀረብኝ እርጉዝ ማግባት ብቻ ነበር። ደወልኩላቸው። ከእጃቸው የማይለየውን አለንጋ እንደያዙ በማግስቱ በሚኒባስ መጡ።

መደብሩ ውስጥ ያደረጉትን ባያችሁ! መጀመሪያ ሁለቱንም ማሽኖች ሦስት ሦስት ጊዜ ዞሯቸው። የወንበሩን ጀርባ መታ መታ አደረጉ፤ ትከሻ መሆኑ ነው። ጎማውን ጎንበስ ብለው አዩ፤ ኮቴ መሆኑ ነው። ከዚያ ልጁን «አፉን ክፈትልኝ» አሉት። ልጁ ነገሩ ሲገባው የማሽኑን ሆድ ከፍ አድርጎ ስለቶቹን አሳያቸው። አያ ካሴ ቆጠሩ። «ሦስት ጥርስ?» አሉ። «ገና ጥጃ ነው ወይስ አርጅቶ ረግፎበት ነው?»

«አባባ፣ አዲስ ነው» አለ ልጁ።

«አዲስ ከሆነ ለምን ይሸጣል? ደህና በሬ ማን ይሸጣል?»

ልጁ ይህን ጥያቄ በትምህርት ቤት አልተማረውም። ነጋዴ ስለሆንን ነው ምናምን ብሎ ተንተባተበ። አያ ካሴ አልተዋጠላቸውም፤ ግን አለፉት። ቀጥለው «ሲታመም ማን ያክመዋል?» አሉ። እዚህ ላይ ሳቄን አቆምኩ። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ መጽሐፍ ሳነብ ይህ ጥያቄ አልመጣልኝም! ልጁም ቆፍጠን አለ። የባለመሪው መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ታዝዞ ነው የሚመጣው አለ። የመሪ የለሹን ስለት የሚያዞረው ቺንጋ ግን እዚሁ ለወፍጮ ቤት ከሚሸጠው ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ስለቱም እዚህ ብየዳ ቤት ይሞረዳል አለ። አያ ካሴ በይሁንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጥሎ የሣሩ ነገር መጣ። ልጁ በኩራት፣ ይህ ማሽን ሲፈለግ ሣሩን አድቅቆ ፈጭቶ እዚያው ሜዳው ላይ ይበትነዋል፣ የሚጠረግ ነገር አይኖርም አለን። ሣር ፈጭቶ መበተን? በዚህ አገር? አያ ካሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሰው ሲሞት ነው እንዲህ የሚያደርጉት። አንጓች «ላሜ ይህን ብትሰማ ወተቷን ትይዛለች» አለች። ልጁ ደንግጦ፣ አይ፣ ከኋላው ከረጢት ይገጠምለታል፣ ሣሩ ተሰብስቦ ይወጣል አለ። ነፍሳችን መለስ አለች። ልጁ ግን እየገረመው፣ ሌላው ሰው የሚጠይቀኝ ስለሚቀረው ሣር ነው፣ እናንተ ስለሚሄደው ትጠይቃላችሁ አለን። ምን ይደረግ? እኛ የምናውቀው ሣር የሚሄደውን ነው።

መጨረሻ ላይ አያ ካሴ መሪ ወደሌለው ተመለሱ። እጀታዎቹን አንድ በአንድ ነካኩ። «መሪ የሌለው ነገር…» ብለው ጀመሩና በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ በኋላ ስለ መሪ የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም። የሣር ማሽንን አይመለከትም።

ለመምረጥ ልባችን አልቆረጠም። ሻጩ ደግ ልጅ ነውና ሁለቱንም ማሽን ሐሙስ ዕለት ሆቴሉ ድረስ በጭነት መኪና አምጥቶ ሊያሞክረን ተስማማ። የሚያሸንፈውን እንገዛለን። ሁለቱም ከተሸነፉ ደግሞ ማኅበራችን ያልቅለታል። ይህን ለሻጩ አልነገርነውም።

ሐሙስ ደረሰ። አምስታችንም በአዲስ የሥራ ልብስ ተሰልፈን ቆምን። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየና ጀምሩ ብሎ ቢሮው ገባ። መጀመሪያ ሻጩ ራሱ ባለመሪው ላይ ወጥቶ አንድ ጥግ አጨደ። ቆንጆ ነው! ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ዛፍ ዘንድ ሲደርስ ግን እንደ መኪና ሰፋ አድርጎ ነው የሚዞረው። ከኋላው ሄደን ብናይ በየዛፉ ሥር ክብ ክብ ሣር ቀርቷል። እንደ ሕፃን ቁንጮ። እንግዲህ ዛፉ አርባ ሁለት ነው አላልኳችሁም? አርባ ሁለት ቁንጮ በማጭድ ስናስተካክል ሠርገኛው ይደርሳል። አንተ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ይኸው ነው። ቀይ ቀለሙን አይተን ልንገዛው ነበር።

መሪ የለሹ ቀረ። ማን ይንዳው? ሻጩ እሱን ገና አልተለማመድኩትም አለ። የሆቴሉ ሹፌር ሲሰማ ብድግ አለ። ጎበዝ ሹፌር ነው፤ ከዓባይ በረሃ ቁልቁለት ጋር ስንት ዘመን የተዋወቀ። «ቁልፉን ስጡኝ፤ ጎማ ያለው ነገር አያቅተኝም» አለ። ተቀመጠ። እጆቹ በባዶ አየር ላይ መሪ ይፈልጋሉ። ሁለቱን እጀታ ወደ ፊት ሲገፋቸው ማሽኑ ቀጥ ብሎ ሜዳው ዳር ወደቆመው የሙሽሮች ዳስ ገሰገሰ። ሲስባቸው ወደ ኋላ ተመለሰ። በዚህ ደንግጦ አንዱን ገፍቶ አንዱን ቢስበው ማሽኑ በቆመበት እንደ እንዝርት ተሽከረከረ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ጥሩዬ ማማተቧን ሳትጨርስ እንደገና ትጀምራለች። ሹፌሩ ሲወርድ ዛፍ ተደግፎ ቆመ። ዓባይን ሲሻገር የማይሰማው ማዞር እዚህ ሜዳ ላይ አገኘው።

በቃ አልኩ። ሁለቱ የጠላ ነጋዴዎች ተያዩ። እኔ አየኋቸው፤ አላየሁም ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

ይህን ጊዜ አያ ካሴ ከዛፍ ጥላ ሥር ተነሱ። እየሳቁ ነው።

«ምን ያስቅዎታል አያ ካሴ?» አልኩ። ተናድጃለሁ።

«ብርቄ፣ የገበሬ ዘር አይደለሽም? ይህ እኮ ጥማድ በሬ ነው!» አሉ። «የቀኝ በሬ፣ የግራ በሬ። ትልም ጫፍ ላይ ስትደርሺ የውስጡን ትይዢዋለሽ፣ የውጪው ይዞራል። በሬ መሪ አለው እንዴ?»

እንደ መብረቅ ነው የመታኝ። እውነታቸውን ነው። የግራውን ያዝ ስታደርጊው ወደ ግራ ይዞራል። የቀኙን ያዝ ስታደርጊው ወደ ቀኝ። ሹፌሩ ይህን ያላወቀው መንጃ ፈቃድ ስላለው ነው።

«እንግዲያው እርስዎ ይውጡበት» አልኳቸው። በዚህ ጉልበቴ አልወጣም፣ የሚወጣ ሰው ስጡኝ አሉ። አንጓች ቀድማ ወንበሩ ላይ ጉብ አለች። አያ ካሴ ቅር አላቸው።

«ሴት ልጅ ጥማድ አትይዝም» አሉ።

«ጥማድ ያሉት እርስዎ ነዎት» አለች አንጓች። «እኔ የያዝኩት ማሽን ነው። አሁን ይናገሩ፣ የቱን ልሳብ?»

አያ ካሴ አለንጋቸውን አነሱ። የግራውን እጀታ ዳልቻ፣ የቀኙን ቡሬ ብለው ስም አወጡላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሜዳው ይናገር። አንጓች ማሽኑ ላይ፣ አያ ካሴ ከጎን በእግራቸው። «ዳልቻን ያዢ! ቡሬን ልቀቂ! አሁን ሁለቱንም! ሃይ!» አለንጋው በአየር ላይ ይጮሃል። ማሽኑ የጽዱን ግንድ እየላሰ ይዞራል። አንድ ቁንጮ አይቀርም። የሆቴሉ እንግዶች በየመስኮቱ ብቅ አሉ። ምግብ አብሳዩ ማንኪያውን እንደያዘ ወጣ። ሹፌሩ ከተደገፈበት ዛፍ ሆኖ «እንዲህማ ቢነግሩኝ» ይላል።

ረፋድ ሳይሆን ሜዳው አለቀ። ከዳር እስከ ዳር እኩል። ከረጢቱ ስምንት ጊዜ ሞልቶ ተገልብጧል፤ ሣሩ እንደ ነዶ ተከምሯል። ዞር ብዬ ሁለቱን የጠላ ነጋዴዎች «እህስ?» አልኳቸው። እግዜር ይመስገን፣ ሥራ አስኪያጁን ጥሩት ልል አፌን ስከፍት አያ ካሴ እጃቸውን አነሱ።

«ገና ነው። ደገማው አለ።»

የምን ደገማ? አንድ ጊዜ የታረሰ መሬት ታረሰ አይባልም ብለው ቱግ አሉ። በቁመቱ ታርሶ በወርዱ ይደገማል። ያልደገመ ገበሬ ምን ያፍሳል? አያ ካሴ፣ ይህ ጤፍ የሚዘራበት አይደለም፣ ተዉ፣ አበቃ ብዬ ለመንኩ። ማን ይሰማኛል? የማሽኑ ድምፅ ይጮሃል። አንጓች እንደሆነች ከእሳቸው አለንጋ በቀር ጆሮዋን ለማንም ዘግታለች። እጄን እያወናጨፍኩ ከኋላ ብሮጥ በርቺ ያልኳት መስሏት እጇን አውለበለበችልኝ። ሜዳውን በወርዱ ደገሙት!

ሲጨርሱ ማሽኑ ጠፋ። ፀጥ አለ። ያን ጊዜ ሜዳውን አየሁት።

ወዮልኝ! ሜዳው መስመር በመስመር ሆኗል። በአንድ በኩል የተኛው ሣር ነጣ ብሏል። በሌላ በኩል የተኛው ጠቆር ብሏል። ቁመቱና ወርዱ ሲቋረጡ ደግሞ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን። የዳማ ሰሌዳ በሉት። ሰውየው ምንጣፍ ነበር ያለው! ምንጣፉን አርሰን አገኘነው። ጥሩዬ እንባዋ መጣ። እኔ ደግሞ እንባ ሳይሆን ላብ ነው የመጣብኝ፤ ምክንያቱም ቀና ስል ሥራ አስኪያጁ ፎቁ ሰገነት ላይ ቆሞ ሜዳውን ቁልቁል እያየ ነው። ከዚያ ዞረና ደረጃውን ሲወርድ ጫማው ቋ፣ ቋ፣ ቋ ሲል ይሰማኛል።

መጣ። ፊቱ አይነበብም። እኔ ያልተነበበ ነገር አልወድም።

«ይህን ማን ነው ያዘዘው?» አለ።

እንግዲህ እኔ የማኅበሩ ሰብሳቢ ነኝ። አፍ ያለኝ እኔ ነኝ። እናም አፌ እኔን ሳያስፈቅድ ተከፈተ። «እሳቸው ናቸው!» አልኩ። ጣቴ ቀድሞኝ አያ ካሴ ላይ ተቀስሯል። «እኔ የለሁበትም ጌታዬ! ተዉ ብያቸዋለሁ። ለምኛቸዋለሁ። እነዚህ ሴቶች ምስክሮቼ ናቸው። የማኅበራችን ሐሳብ አይደለም፣ የእኔም አይደለም፣ ሰውየው እንዲያውም አባላችን አይደሉም። ከገጠር የመጡ ናቸው፣ በሬ ነው የሚያውቁት፣ ሙሉ በሙሉ የራሳቸው ሥራ ነው!»

አያ ካሴ አለንጋቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። የእናቴን ዓይን ነው የያዙት፤ ያ ደግሞ ነገሩን አላቀለለውም።

ሥራ አስኪያጁ ወደ እሳቸው ሄደ። ጎንበስ አለ። እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ።

«አባቴ፣ ይህን የት ተማሩት?» አላቸው።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ልጁ የኳስ ወዳጅ ነው። በቴሌቪዥን የሚያያቸው የፈረንጅ ስታዲየሞች ሣር ልክ እንዲህ ነው፤ አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን። ለዚህ ብሎ ሁለት አትክልተኛ ቀጥሮ ሁለቱም አልቻሉም። ፎቶ እያሳየ አስረድቷቸዋል። ይህን የሚሠራ ባለሙያ በአገራችን ያለ አይመስለኝም ነበር አለ። አያ ካሴ ከአባታቸው እንደተማሩት፣ አባታቸውም ከአባታቸው እንደተማሩት ነገሩት። ልጁ በአድናቆት ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። እኔም ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። ምክንያታችን ግን የተለያየ ነው።

ጉሮሮዬን ጠራርጌ «እንግዲህ ጌታዬ፣ ማኅበራችን ይህን የመሰለ…» ብዬ ስጀምር ዞር ብሎ አየኝ። በትሕትና ነው ያናገረኝ። «አይ እትዬ ብርቄ፣ እርስዎ እንኳ እንደሌሉበት በግልጽ ነግረውኛል። እንዲህ ያለ እውነተኛ ሰው ደስ ይለኛል» አለኝ።

ሥራውን አገኘን። ዓመቱን ሙሉ! መሪ የለሹን ገዛነው። የጠላ ነጋዴዎቹ ወደ ጠላቸው አልተመለሱም። የአንጓች ላም የሆቴል ሣር እየበላች ሰው አትሆንም ወይ እስኪባል ወፈረች። ሁሉም ደህና ነው። ውሉ ላይ ብቻ አንዲት ዓረፍተ ነገር ገብታለች፤ «ሥራው በባለሙያው በአቶ ካሴ የቅርብ መሪነት እንዲከናወን» የምትል። ለአንዲት ቀን ምክር የመጡት አያ ካሴ ይኸው ዛሬ አንገታቸው ላይ «የሜዳ አማካሪ» የሚል ካርድ አንጠልጥለዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች ፎቶ አብረዋቸው ለመነሳት ይሰለፉላቸዋል። እኔን ዘበኛው በር ላይ ሲያስቆመኝ የማኅበሩ ሰብሳቢ ነኝ ብለው አያስገባኝም። «የባለሙያው የእህት ልጅ ነኝ» ስለው ነው የሚከፍትልኝ።

ሰዎች ይመክራሉ፤ ጥፋትህን በሌላ ሰው ላይ አታላክክ ይላሉ። እነሱ የራሳቸውን ይምከሩ። እኔ የምመክራችሁ ሌላ ነው። ማላከኩን አላክኩ፣ ማን ከልክሏችሁ! ብቻ ጣታችሁን ከመቀሰራችሁ በፊት፣ መጀመሪያ ጥፋት መሆኑን አጣሩ።